ፖንቴው ላይ ማንም አይወጣም

በደርግ ጊዜ የሕንፃ ሥራ ኃላፊ መሆን ማለት ሲሚንቶ መለመንና መቆጣት ማለት ነበር። ሲሚንቶው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቁጣው ግን የአባቴ ውርስ ስለሆነ አልቆብኝ አያውቅም። ስለዚህ የሥራ ደኅንነት ሥልጠና ግባ ስባል የመጀመሪያ መልሴ «ሥራውን ማን ሊሠራልኝ?» የሚል ነበር። የሰማኝ የለም፤ እያጉረመረምኩ ሄድኩ።

ሥልጠናው የሚሰጠው ንፋስ ስልክ፣ አንድ ፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከየሕንፃው የተለቀምን ኃላፊዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን፣ ገሚሳችን እያንቀላፋ፣ የሚያስተምረንን መሐንዲስ ስንጠብቅ ደልደል ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ነርስ ገቡ። የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት የተሰበረ ሰው በሚታከምበት ክፍል ነው። «የምትልኩልኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ላኪዎቹን ልያችሁ ብዬ ነው» አሉን። ያንቀላፋው ሁሉ ነቃ።

«ሄልሜት አላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«አለን!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ማን ያደርገዋል?»

አንዱ ባልደረባችን በኩራት ተነሥቶ፣ እንዳይጫር ስቶር ውስጥ ቆልፎ እንደሚያስቀምጠውና ጎብኚ ሲመጣ ብቻ እንደሚያወጣው ተናገረ። ሁላችንም ያው ነበርንና ራሳችንን ነቀነቅን። ደህናው ብርጭቆ የሚወጣው ለእንግዳ አይደል? ሄልሜትስ በምን ይለያል? እሳቸው ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ታዲያ ጡቡ እንግዳ እየመረጠ ነው የሚወድቀው?»

ሌላው ተነሥቶ፣ ከፎቅ የወደቀ ሰው የአርባ ቀን ዕድሉ ሆኖ ነው ሲል ግን አልሳቁም። «ዕድሉን እግዜር ይጻፈው፤ የሚቆምበትን እንጨት ምስማር የምታስመታው ግን አንተ ነህ» አሉት። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ይቺ ግን ገባችኝ። የመጨረሻው ትምህርታቸው አጭር ነበር፤ ኃላፊ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይዞራል፣ አደጋ ካየ ሥራውን ያስቆማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ይሄኔ እርስ በርስ ተያየን። በዚያ ዘመን ሥራ ላስቆመ ሰው የሚሰጠው ስም አሻጥረኛ ነው፤ አሻጥረኛ የተባለ ደግሞ ወዴት እንደተወሰደ አይጠየቅም።

ያን ጊዜ መካኒሳ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት እያሠራሁ ነበር። ለአብዮት በዓል መድረስ አለበት ተብሏል። ከሥልጠናው በተመለስኩ ማግስት የፎቁን ወለል፣ እኛ ሶሌታ የምንለውን፣ አርማታ የምንሞላበት ቀን ነበር። አርማታውን በባሬላ፣ ለሁለት ለሁለት ተሸክመው የሚወጡት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከገበሬ ቤት፣ ከጀሞ በኩል፣ የነሐሴን ጭቃ እያቦኩ በእግራቸው ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቀለል ያለ ሥራ ልስጥሽ ስላት «ጋሼ፣ ከባሬላ ጓደኛዬ አይለዩኝ» እያለች እምቢ ትለኛለች።

ያን ጠዋት ሄልሜቶቹን ከስቶር አውጥቼ ለሴቶቹ አደልኩና እንደተማርኩት ዞርኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ሠራተኛ የሚወጣበት የባሕር ዛፍ ፖንቴ ቆመው ሲያዩት ደህና ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን የእንጨቶቹ እግር ጥቁር አፈር ውስጥ ሰምጧል፤ አንዱን በእጄ ብገፋው ሄደ። ሴቶቹ ባሬላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ነፍሰ ጡሯ ከፊት ናት። ፈራሁ፤ ምን ይደበቃል። ለእሷም ለራሴም ፈራሁ።

«ፖንቴው ላይ ማንም አይወጣም!» ብዬ ጮኽኩ።

ሥራችንን የሚቆጣጠረው ካድሬ እንግዶች አስከትሎ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ሄልሜቶቹን አድዬ ስለጨረስኩ ለእሱ የደረሰው ማሰሪያው የተበጠሰው ነበር።

«ሥራው ለምን ቆመ?»

«የእንጨቶቹ እግር ሰምጧል ጓድ። ሰው ይጥላል።»

«ሲሚንቶው መጥቷል፣ እንግዳ ቆሟል፣ አንተ ስለ ጭቃ ታወራለህ? ይሄ አሻጥር ነው!»

የፈራኋት ቃል መጣች። እኔ ደግሞ ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። «አሻጥር ከሆነ እኔን ይውሰዱኝ። እነዚህን ግን አላወጣም» አልኩት።

ካድሬው ከባድ ሰውዬ ነው፤ ሰው ፊት መሸነፍም አይወድም። «ፈሪ! እንዲህ ነው የሚወጣው!» ብሎ ፖንቴው ላይ ወጣ። ክንዱን ብይዘው መነጨቀኝ። ከመሬት ብዙም ሳይርቅ አንደኛው እንጨት ሸርተት ብሎ ሰመጠ፣ ፖንቴው ወደ ጎን ዘመመ፣ ሄልሜቱም ከአናቱ ተንከባልሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጓድ ምሰሶውን እንደ እናቱ አንገት አቀፈው። አናጢዎቹ ሮጠው ደገፉና አወረድነው። ፊቱ አመድ መስሏል። መሳቅ ስለማይቻል ማንም አልሳቀም። እሱም ሱሪውን አራግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ጓዶች! ይህ ፖንቴ በአስቸኳይ እንዲስተካከል መመሪያ ሰጥቻለሁ!»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አለኝ በቀስታ።

መመሪያው የእሱ ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ደስታዬን የምደብቅበት አጥቼ አናጢዎቹን ያለ ምክንያት ተቆጣሁ። ፖንቴውን አፈረስን፣ ውኃውን በቦይ አስወጣን፣ ከየእንጨቱ እግር ሥር ድንጋይና ጣውላ አንጥፈን እንደገና አቆምነው። ሶሌታው በተሞላበት ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሴቶቹ አንዱ ረድፍ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ እየዘፈኑ ዋሉ። ነፍሰ ጡሯን በግድ ከባሬላው ለይቼ ውኃ አዳይ ስላደረግኳት ቀኑን ሙሉ አኩርፋኝ ዋለች።

አመሻሽ ላይ የመጨረሻው ባሬላ ባዶውን ወረደ። ከዚያ በፊት በሠራሁባቸው ቦታዎች፣ ሶሌታ በተሞላ ማግስት ብዙ ጊዜ የምንሄደው ወይ ሆስፒታል ወይ ለቅሶ ቤት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሲወጡ አየኋቸው፤ ደክመዋል፣ ልብሳቸው ሲሚንቶ ለብሷል፣ ሁሉም ግን እየተሳሳቁ በእግራቸው ይሄዳሉ። ነፍሰ ጡሯ አጠገቤ ስትደርስ ኩርፊያዋን ረስታ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ነገ በስንት ሰዓት እንምጣ?»

ልመልስላት ስል እንባዬ ቀደመኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ «እንደ ወትሮው» አልኳት።