የጋሽ ግልባጭ ታይፕ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ በካርቦን ሲያባዙ ኖረው ጡረታ ለወጡት ታይፒስት ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ጋሽ ግልባጭ ነው። መሥሪያ ቤታቸው ሲያሰናብታቸው የሸለማቸው ያንኑ ሲደበድቡት የኖሩትን ታይፕ ነበር፤ እሳቸውም እንደ ልጅ አቅፈውት ቤታቸው ገቡ።

ዛሬ ጠዋት ታይፑ አልንቀሳቀስም አለ። ጋሽ ግልባጭ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈው ክዳኑን ፈቱና ፊደሎቹ ላይ የተጋገረውን ቀለም በነጭ ጋዝ ፈገፈጉት። መገጣጠሚያዎቹ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉ። እጃቸው አይታማም፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ታይፑ እንደ አዲስ ይንጣጣ ጀመር።

ችግሩ፣ የፈገፈጉበት የባለቤታቸው የጥርስ ብሩሽ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ!» አሉ ባለቤታቸው፣ ጠቁሮ የተንጨባረረውን ብሩሽ አፍንጫቸው ሥር ደቅነው። «አሁኑኑ ሌላ ግዛልኝ!»

«በቃል አይሆንም፤ በጽሑፍ አቅርቢ» ብለው ጋሽ ግልባጭ ታይፑን ወረቀት አጎረሱት።

ባለቤታቸው ደማቸው እየፈላ ተናገሩ፤ እሳቸው መቱ፦ «ጉዳዩ፦ የጥርስ ብሩሽ እንዲገዛልኝ ስለመጠየቅ።» አንድም ፊደል አልተዛነፈም። ሦስት ቅጂ አወጡ፣ ባለቤታቸውን አስፈረሙ፣ ሦስቱንም መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባቸው።

«እሺ፣ ብሩሹስ?»

ጋሽ ግልባጭ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ማመልከቻሽ ደርሶናል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ሰኞ ተመለሺ።»

ባለቤታቸው ወደ ወጥ ቤት ገብተው ድስቱን ከደኑ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ።

«ምሳም ስብሰባ ላይ ነው» አሉ ከበሩ ጀርባ። «ሰኞ ተመለስ።»