ለዘሃራ የተላከው ንፍሮ

የተማርኩበት የመምህራን ማሠልጠኛ ታሪኩን በመጽሔት ሊያሳትም ነው ተብሎ ባለፈው ሳምንት የእኛ ዓመት ተመራቂዎች ዝርዝር ተላከልኝ። ከታች «የጎደለ ስም ካለ ይንገሩን» ይላል። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ዘሃራ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወደ ማሠልጠኛው አብረን እንሄዳለን፤ እሷ ትኩስ ፓስቲ ትገዛለች፣ እኔ ግማሹን እበላባታለሁ። የምትፈራው የማስተማር ፈተናውን ብቻ ነበር። አባቷ የፈቀዱላት አንድ ዓመት ነው፤ ከወደቀች ጅዳ አክስቷ ጋ ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ ነው።

በፈተናው አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቻችን የአንደኛ ክፍል ሕፃናት እንሆናለን። መምህሩ በብጣሽ ወረቀት ዕጣ ያስወጡናል፤ ጎበዝ፣ ዓይናፋር፣ ረባሽ የሚል። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ጣቱን ቀስሮ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» ሲል ትዝ ይለኛል። አሁንም ያስቀኛል፤ መሳቄ ደግሞ ያበሳጨኛል።

የእሷ ተራ የደረሰው የግንቦት ልደታ ማግስት ነበር። እናቴ የተረፈውን ንፍሮ በወረቀት ጠቅልላ «ለዘሃራም ስጣት» ብላ ኪሴ ከተተችልኝ። ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ጫማችንን እያየን ነው የምንራመደው።

«ረባሽ ከደረሰህ ቀስ በልልኝ» አለችኝ።

«ለአንቺማ ዴስክ ላይ ተኝቼ ነው የማሳልፍልሽ።»

ረባሽ ደረሰኝ። እውነትም ተኛሁ። እሷ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ላምና ዶሮ ስላ መጥታ ጥሩ ጀምራ ነበር። ከኋላዬ አንዱ «ዛሬ ምን ነካህ?» አለኝ። ክፍሉን የማስቀው እኔ ነበርኩና ዝምታው ከበደኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ከንፍሮው አንድ ባቄላ ወረወርኩ። ሳቁ። ሁለተኛው ላሟን መታ። ሦስተኛው ሻሿ ላይ ቀረ።

«ሰለሞን፣ ተው እንጂ» አለች፣ አስተማሪነቷን ረስታ። ሳቁ ባሰ። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ የቀራትን ደቂቃ ዝም ብላ ቆማ ጨረሰችው። መምህሩ «ክፍል መቆጣጠር አትችልም» ብለው ጻፉ። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ የእኔ ፈተና ገና ነበር።

ስንመለስ አልተቆጣችኝም። መለያያችን ላይ ስንደርስ ባቄላዋን ከሻሿ ላይ አነሳቻት።

«እናትህ ለእኔም ልከውልኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አመስግንልኝ» አለችና ጎረሰቻት።

ክረምቱ ሳይወጣ ጅዳ ሄደች። እኔ ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ፤ በረባሽ ልጅ ላይ ጨካኝ ነበርኩ። «ክፍል መቆጣጠር ያውቅበታል» ተብዬ ተመስግኛለሁ።

ትናንት ከማሠልጠኛው አንዲት ልጅ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ የጎደለ ስም አለ?»

ስሟን ብጠራ ለምን እንዳልተመረቀች መናገሬ ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። አሁን ግን የሚፈትነኝ መምህር የለም፣ የሚወስዱብኝም ማዕረግ የለም።

«የለም፣ ሁላችንም አለን» አልኳት።