የእናቴ ተራ

በ1957 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ዘመን ያስታወሰኝ፣ ባለፈው ሳምንት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ የተከፈተው ዘፈን ነው፤ ከበሮውን በማሽን አድርገው ኦርጋን ጨምረውበታል፣ ዜማው ግን የኛው የላሊበሎቹ፣ ጀንበር ሳትወጣ በየደጁ ቆመን እናወጣው የነበረው ነው።

«አባባ፣ አዲስ ዘፈን ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም፣ ልቀንሰው?» አለኝ ረዳቱ።

«አባትህ ሳይወለድ ዘፍኜዋለሁ፤ ተወው።»

ወንዱ ካወጣ በኋላ የምትቀበለው ግን ሴት አልነበረችም። ማሽኑ ነው እንደ ሴት የሚቀበለው። አፍ የሌለው ድምፅ።

እኛ ቤት አባቴ ያወጣል፣ እናቴ ትቀበላለች፣ እኔ ስልቻ እሸከማለሁ። ላሊበላ መዝፈኑን ከተወ ሥጋ ደዌ ይይዘዋል ይባላል፤ እናቴም ይህን እንደ ጸሎት ታምነው ነበር። ያን ዓመት በኅዳር፣ ራቤል አካባቢ እያለን፣ ውርጩ ጉሮሮዋን ያዛትና ድምፅዋ ጠፋ። እሳት ዳር ተቀምጣ ጣቶቿን እያገላበጠች ታያለች። አባቴ «አንተ ተቀበልላት፣ ተራዋ ባዶ አይሁን» ቢለኝ «የሴት ድምፅ አላወጣም» ብዬ ድርቅ አልኩ።

«በቅሎ ነው የወለድኩት» አለ።

ሲነጋጋ ስንወጣ ጭጋጉ የገዛ እጅ አያሳይም። አባቴ እንደ ልማዳችን የባለቤቶቹን ስም አስቀድሞ ከጎረቤት ጠይቆ ይዟል፤ ደጁን በዳሰሳ አገኘነውና «እመት አስካለ» እያለ አወጣ። እናቴ አፏን ከፈተች፤ ምንም። ያን ጊዜ ከተዘጋው በር ወዲያ አንድ የሴት ድምፅ ተቀበለ። ቀስ ብሎ፣ የእናቴን ቅላጼ ሳያጎድል፣ እሷ ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰደ። አባቴ ያወጣል፣ በሩ ይቀበላል፣ እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች።

ጭጋጉ ሲሳሳ ከማዶው ቤት አንዲት ሴት ገብስ በቁና ይዛ ብቅ አለች።

«እናንተዬ፣ እኔ አስካለ እዚህ ቆሜ፣ እዚያ ለአይጥ ነው እንዴ የምታወድሱኝ? ያ ቤት ሰው ከወጣበት ክረምት አልፎታል።»

ዞር ብለን ስናይ በሩ ከውጭ በጠፍር ታስሯል። አባቴ ገብሱን ተቀብሎ መረቀ፤ እናቴ ግን በሹክሹክታ «ተራዬን ወሰደችብኝ» አለችኝ። በሷ እምነት ተራው የተወሰደበት ሰው ወሳጁን ተከትሎ ወደ ሞት ይሄዳል።

ዛሬ ዜማው ሠርግ ቤት አለ፣ መኪና ውስጥ አለ፣ ልጆች በስልካቸው ይጨፍሩበታል፤ በጭጋግ መጥቶ ስምህን ከነዘርህ እየጠራ የሚያነቃህ ሰው ግን የለም። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራለች፤ ድምፅዋ ሻክሮ ነው የተመለሰው። ጥርት ያለው፣ እኔን ያሳደገኝ ድምፅዋ፣ እዚያ ቤት ቀረ።

ያን ጊዜ ግን ትኑር ትሙት አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት፣ አባቴ የመጀመሪያዋን ስንኝ አውጥቶ ሳይጨርስ፣ ጉሮሮዬን እንደ ሴት አቅጥኜ ከማንም ቀድሜ ተቀበልኩ።