ሐሙስ ተዘግቶ የተገኘ ስልክ

እናቴ ካዛንቺስ ውስጥ፣ የእግረኛ መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረቻት። ቤት ማለቴ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም፣ አረንጓዴ የተቀባ፣ ግንባሩ ላይ «የሕዝብ ስልክ» ተብሎ የተጻፈበት ሳጥን ነው። ውስጡ አንድ ስልክ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ በርጩማ፤ በቃ። አባቴ ሲሞት ቀበሌው ለእናቴ የሰጣት እሱን ነው። የቤት ኪራያችንም፣ የእኔ የማታ ኮሌጅ ክፍያም የሚወጣው ከዚያ ሳጥን ነበር። ሌላ ምንም አልነበረንም።

ሳጥኑ ደንብ ነበረው። እግዚኦ ደንብ! የበሩ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ስለነበር ከኮሌጅ ትምህርቴ ይልቅ እሱን በቃሌ እወጣው ነበር። ከስልክ በቀር ማስቲካ እንኳ መሸጥ ክልክል። በርጩማ ወደ እግረኛው መንገድ ማውጣት ክልክል። ከባለፈቃዷ ሌላ ሰው ተቀምጦ ከተገኘ፣ የአብራኳ ክፋይ ቢሆንም፣ ለሦስተኛ ወገን እንደተላለፈ ተቆጥሮ ፈቃዱ እዚያው ይሰረዛል። በሥራ ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ ተዘግቶ ከተገኘም እንደዚያው። በቂ ምክንያት ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ያለው ሕመም፣ አለዚያም የእድር ማኅተም ያረፈበት፣ የሟች ስም የተጻፈበት የለቅሶ ወረቀት። ሽንት ቤት ስለመሄድ የተጻፈ ነገር የለም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሽንት አይመጣቸውም መሰለኝ።

ይህን የሚያስከብረው አንድ ወጣት የቀበሌ ተቆጣጣሪ ነበር። ከእኛ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ከገጠር ከመጣ ገና ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እድራችንም ውስጥ ገብቷል። ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ሥራው እንዳይበላሽበት ይፈራ ስለነበር ከክፉ ይብስ ነበር። እናቴ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፏል። የመጀመሪያውን ከክፍለ ሀገር የተደወለላቸውን ጎረቤት ለመጥራት ስትሮጥ፣ ሁለተኛውን ያው እንዳልኩት ሽንት ቤት ሄዳ። በጻፈ ቁጥር አንገቱን ይደፋና «እትዬ፣ የሥራ ነገር ነው፣ አይቀየሙኝ» ይላል። እናቴም «ምን በወጣህ፣ ልጄ» ትለዋለች። እኔ ደሜ ይፈላል።

ደሜን የሚያፈላው እሱ ራሱ የሳጥኑ ደንበኛ መሆኑ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እናቱ ይደውሉለታል። ሐሙስ የገበያ ቀናቸው ነው፤ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደው ከተማ ይገቡና ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ እኛ ሳጥን ይደውላሉ። እሱ ቀድሞ ይደርሳል። ለዚያ ስልክ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ጸጉሩን በውኃ ያስተኛል፤ እናቱ የሚያዩት ይመስል። ስልኩን መጀመሪያ የምታነሳው እናቴ ስለሆነች፣ ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ ተዋወቁ። አንዳቸው ስለ ዝናብ፣ አንዳቸው ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ሴትዮዋ ሁልጊዜ የሚጨርሱት «እህቴ፣ ልጄን አደራ፤ እዚያ ሰው የለውም» ብለው ነበር። «ምን ሲባል፣ ልጄ አይደል እንዴ!» ትላለች እናቴ፣ ፈቃዷ ላይ ሁለት ጊዜ የጻፈባትን ልጅ።

ያን ሐሙስ ምሳዋን ይዤላት ሄጄ ሳጥኑ ደጃፍ ቆሜያለሁ። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነሳች። «አቤት» አለች። «አቤት… አቤት…» ከዚያ አዳመጠች። ነጠላዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ አየኋት። «ግድ የለዎትም፣ በወጉ ይነገረዋል» ብላ ዘጋች።

ደዋዩ የልጁ አጎት ነበሩ። እናቱ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ጠዋት ቀብረዋቸዋል።

በሰፈራችን መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ተሰብስበው ሰውዬው ቤት ይሄዳሉ፤ ቁጭ ብሎ፣ ራሱን መሬት ላይ ሲጥል የሚይዘው ሰው ግራና ቀኙ ኖሮ ነው የሚሰማው። ከዚያ በፊት የሰማ ሰው ሆዱን ጨክኖ መያዝ አለበት። ይህን እናቴ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የሰፈሩ ሞት ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው በእሷ ጆሮ ነበርና።

«ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ እዚህ ይገተራል» አለችኝ። «ሳይመጣ የእድሩን ዳኛ ማግኘት አለብኝ። አጎቱ ለሌላ ሰው ከደወሉ አንዱ መንገድ ላይ አፈንድቶ ይገድለዋል።»

«እኔ ልሂድ።»

«የመርዶ ነገር በልጅ ይላካል እንዴ?»

«እሺ፣ አንቺ ሂጂ፣ እኔ ልቀመጥ።»

የበሩን ጀርባ በዓይኗ አሳየችኝ። ሌላ ሰው ተቀምጦ ከተገኘ ያኔውኑ ይሰረዛል። ተዘግቶ ከተገኘ ግን ገና ሦስተኛ ነው፤ ቶሎ ከተመለሰች ማንም ላያየው ይችላል። መስኮቷን ዘጋች፣ ቁልፉን መቀነቷ ውስጥ አደረገች። «አንቺ ደግሞ አፍሽን ያዢ» ብላኝ ሄደች። ታውቀኛለቻ።

እሱ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ። ሸሚዙ ነጭ ነበር። ጸጉሩ ረጥቧል። ሳጥኑ መዘጋቱን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«እናትሽስ?»

«ወጣ ብላለች።»

«ዛሬ አልጽፍም፣ ግድ የለም። ብቻ ቶሎ ትምጣ፣ እናቴ ልትደውል ነው።»

ፊቱን ላለማየት የሚያልፉትን ታክሲዎች ማየት ጀመርኩ። አፌን መያዝ ያን ያህል ከባድ አይሆንም ብዬ ነበር። ከዚያ፣ ምን ዓይነት እርጉም ሰዓት እንደሆነ እንጃ፣ ተቆልፎበት ያለው ስልክ ውስጥ ሆኖ ጮኸ።

«እናቴ ናት!» ብሎ ዘሎ ቆርቆሮውን ያዘ። መስኮቱን ጎተተ፣ በሩን ጎተተ። ስልኩ ይጮኻል። እኔ እሳቸው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እሳቸው ከእንግዲህ የትም እንደማይደውሉ አውቃለሁ። እሱ ግን እጁን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ «ቆይ፣ እናቴ፣ ቆይ» ይላል፣ እየሰማችው ይመስል። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ።

ዞሮ ጮኸብኝ። «ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነው የምትደውለው! እናንተ ዘግታችሁ ትጠብቋታላችሁ! የሕዝብ ስልክ ነው የናንተ ጓዳ?» ደብተሩን ከኪሱ መዝዞ አወጣ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ቢቆጣ ቢቆጣ ይበርድለት ነበር፤ እናቴ መጥታ አንድ ሁለት ስትለው ደብተሩን መልሶ ይከተው ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። እኔ ግን ደብተሩን ሳይ የቤት ኪራዩም፣ ኮሌጁም፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ።

«ለቅሶ ሄዳ ነው!» አልኩት። «በቂ ምክንያት አይደል? ጻፈዋ!»

ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። ልጁ ወዲያው ተለወጠ። እስክሪብቶውን አወረደ። «ውይ፣ ነፍስ ይማር። ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አለ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ፣ ማንም ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቀኝ። «ማን ሞተ?»

በዚያው ቅጽበት እናቴ ከመንገዱ ማዶ እየተጣደፈች መጣች። እሱ ቀደመኝ። «እትዬ፣ ነፍስ ይማር። ማን ነው? ሰፈር ውስጥ ከሆነ እኔም ልድረስ።»

እናቴ እሱን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ብዙ ተቆጥታኛለች፣ በእንጨት ማማሰያም መታኛለች፤ እንደዚያ ቀን ግን አይታኝ አታውቅም።

«ማንም አልሞተ» አለችው። «ልጅቷ ደንግጣ ነው የዋሸችህ። እኔ ጎረቤት ገብቼ ወሬ ይዞኝ ነው።»

ልጁ እስክሪብቶውን እንደገና አነሳ። ሲቆጣ ቢጮህ ይሻል ነበር። «በሞት ይቀለዳል፣ እትዬ? ከእርስዎ ይህን አልጠብቅም ነበር» አለና ጻፈ። ያለ በቂ ምክንያት ለሦስተኛ ጊዜ ተዘግቶ ተገኘ፤ የሐሰት ለቅሶ ተነግሯል። «ይፈርሙ» አላት። ፈረመች።

ቢሄድ እንኳ ጥሩ ነበር። አልሄደም። የእናቱን ስልክ መጠበቅ ነበረበታ! እናቴ ሳጥኑን ከፈተችና በርጩማዋን አውጥታ እግረኛው መንገድ ላይ አኖረችለት። ከእንግዲህ የትኛው ደንብ ሊያስፈራት? እሱም ተቀመጠበት። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ብድግ ይላል፤ እናቴ ታነሳና «ያንተ አይደለም፣ ልጄ» ትለዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሰዓት ሆነ።

«ገበያው ረዝሞባቸው ይሆናል» አለችው።

«መስመሩ ይሠራል ግን?» ብሎ እጀታውን ተቀብሎ አዳመጠ። ይሠራ ነበር። «ለሚቀጥለው ሐሙስ ትደውላለች» አለ። እናቴ «እህ» ብቻ አለች። ደብተሩን ሊያስረክብ ወደ ቀበሌ ሲሄድ በርጩማውን ራሱ አንስቶ አስገባልን።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ። እናቴም ከኋላ ነበረች፤ እኔም ተከትያት ሄጄ ነበር። ከእንቅልፉ ተነስቶ በሩን ሲከፍት አንድ በአንድ ተመለከተን። የእድሩን ዳኛ አየ፣ ጎረቤቱን አየ። ዓይኑ እናቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ማንም ገና አፉን አልከፈተም፤ እሱ ግን እሷን አይቶ አወቀ። የወደቀው ወደ እሷ ነው። ሁለት ወንዶች ባይይዙት ይጥላት ነበር።

ያን ቀን ወደ አገሩ ይዘውት ሄዱ። እሱ እዚያ ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ደብተሩ እዚህ ሥራውን ሠራ። ሰኞ ደብዳቤ መጣ። በዚያው ሳምንት መስመሩን ቆረጡት፣ ሳጥኑን አራት ሰዎች ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። አስፋልቱ ዳር አራት የብሎን ቀዳዳ ቀረ። እናቴ ልብስ አጠባ ገባች። እኔ ኮሌጁን አቋረጥኩ።

እሱ ሲመለስ ጥቁር ለብሶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ነበር። ቀዳዳዎቹን አይቶ በቀጥታ ቀበሌ ሄደ። ገጹን ልቅደድ ቢል ገጾቹ ቁጥር አላቸው ተባለ። እድሩ ዘንድ ሄዶ ማኅተም ያለው የለቅሶ ወረቀት አጻፈ። የሟች ስም በሚለው ቦታ የገዛ እናቱን ስም አስገብቶ፣ ለእኛ ቅሬታ ማስረጃ ይሁን ብሎ አቀረበ። ኃላፊው አነበቡትና ማስረጃ በሦስት ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት ብለው መለሱለት፤ የበሩ ጀርባ ላይ ግን ይህ አልተጻፈም ነበር። ማታ ቤታችን መጥቶ ወረቀቱን ለእናቴ ሰጣት፤ ጉልበቷን ሳመ። «ተው፣ ልጄ፣ ሥራህ ነው» አለችው። እኔ ከጓዳ አልወጣሁም። እሱን ይቅር አላልኩትም። ራሴንም አላልኩ። ሥራውን ለቀቀ ሲሉ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

«አንድ ቃል ብትነግሪው እኮ ሳጥናችን አይሄድም ነበር» ብዬ ስንት ዓመት ነዝንዣታለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳሙና በላው እጇን እያየች፣ መለሰችልኝ። «ቆሞ? መንገድ ላይ? ብቻውን?» አለችኝ። ከዚያ በላይ አላለችም።

አሁን ካዛንቺስ ያ ሰፈር ፈርሷል። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ የእድሩ ዳኛ ሌላ ዳር፣ ጎረቤት ሌላ ዳር። ዕቃ ስናሸግ ያ የለቅሶ ወረቀት ከእናቴ የልብስ ሣጥን ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ወጣ። ይዛው ሄደች። አዲሱ ሰፈር አዲስ እድር አለው፤ ስብሰባውም፣ መዋጮውም፣ ወሬውም ቴሌግራም ላይ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በመልክ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ ከሥራ ወጥቼ ለገሃር ታክሲ ተሰልፌያለሁ። ጠዋት ስወጣ እናቴ ትንሽ ደከመኝ ብላኝ ተኝታ ነበር። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነዘረ። የእድሩ ግሩፕ ነው፤ ውኃ ሊቋረጥ ነው የሚል ማስታወቂያ መስሎኝ ከፈትኩት። ነፍስ ይማር ይላል። ከሥሩ የሕንፃና የቤት ቁጥር ተጽፏል። የእኛ በር ቁጥር ነው። ስሟን እንኳ አሳስተው ነበር የጻፉት። አሥር የሚሆኑ ሰዎች የሚያለቅስ ፊት አድርገውበታል፤ አንዱ አውራ ጣት ነው ያደረገው።

ቆሜ ነበር። መንገድ ላይ። ግራና ቀኝ አየሁ፤ የማውቀው ሰው አልነበረም።

ከኋላዬ ያሉት ሰውዬ «እህት፣ ሰልፉ እየሄደ ነው እኮ፣ ተጠጊ እንጂ» አሉኝ።

ተጠጋሁ።