ለጩማ የተሰጠ ገባር

ጩማ በሶዶ ችሎት የወላይታን ባላገር አቤቱታ በአማርኛ፣ የዳኛን ፍርድ በወላይትኛ ሲያስተረጉም ጸጉሩ ሸበተ። ከከሳሽም ከተከሳሽም ዶሮ እንኳ ተቀብሎ አያውቅም። ሚስቱ አሳየሽ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለች ብትነዘንዘው፣ ሳቅ ብሎ ያልፋታል። ሞኝ ነው አሉት። እንዲህ ያለ ሞኝ ምነው በበዛልን!

ጉልበቱ ሲደክም ዳኛው ግራዝማች አድነው አስጠሩት።

«እንግዲህ ዕረፍ። ምን ላድርግልህ?»

«ጌታዬ፣ ታላቅ ወንድሜ አንጁሎ በጉኑኖ መንደር ይኖራል። አባት ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከደጁ አጠገብ ባረጅ ሌላ አልሻም።»

የጎጆ መሥሪያ ቦታ መጠየቁ ነበር። ግራዝማች ግን ቸር ሰው ናቸው፤ ቸር ሰው ደግሞ በተጠየቀው ልክ መስጠት አይሆንለትም።

በገበያ ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ለጩማ ካባ ተደረበለት። ግራዝማች ሲናገሩ እሱ እንደ ልማዱ ከጎናቸው ቆሞ ያስተረጉማል።

«ለታማኙ አገልጋያችን በጉኑኖ መሬት ሰጥተነዋል» አሉ። እልልታው ቀለጠ።

«በመሬቱ ላይ ያሉት፣ አንጁሎና ጎረቤቶቹ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጩማ ገባር ናቸው። ማገዶ ያምጡለት፣ አጥሩን ይጠሩለት፣ ሚስቶቻቸውም እህሉን ይፍጩለት።»

ጩማ መተርጎሙን ትቶ ወንድሙን ከሕዝቡ መካከል በዓይኑ ፈለገ። እምቢ ቢል የጌታን ስጦታ መናቅ ነው፤ መሬቱም ተራ ለሚጠብቅ ወታደር ያልፋል፣ እሱ ደግሞ በጅራፍ ነው የሚያሠራቸው። እሺ ቢልስ? ወንድሙን!

«ምነው፣ ደስታው አፍህን ያዘው?» አሉ ግራዝማች ከልባቸው እየሳቁ።

ጩማ የሰው ቃል ጨምሮም ቀንሶም አያውቅም። የገባሩንም ትእዛዝ ሳይቀንስ ተረጎመው። ከዚያ ተደፍቶ መሬት ሳመ።

ሰዉ ሲበተን አንጁሎ ባርኔጣውን አውልቆ መጣ። ከኋላው የጉኑኖው ጭቃ ሹም፣ ገባሩ የሚሠራበትን ቀን ሊሰማ ቆሟል።

«ሚስቴ እህል ልትፈጭ መቼ ትምጣ?» አለ አንጁሎ።

«ተው እንጂ ወንድሜ!»

«ሰውየው እየሰማን ነው። አታስገርፈኝ፣ ቀን ንገረኝ።»

ጩማ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ቀኑን ነገረው።