አባዬ የጻፈው የትውልድ ሐረግ

ልጅ እያለሁ መልካ ወረር የጥጥ እርሻ ላይ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ያስገባ ነበር። የሠራተኛ መኖሪያው ጭር ይላል፤ በመስኮት የመስኖ ጭቃ ሽታ ይገባል። የጥጥ እርሻው ጸሐፊ የነበረው አባዬ ውሃ የተረጨ ሲሚንቶ ላይ በካናቴራ ጋደም ብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ያስነብበኛል። እሱ የሚወደው ደግሞ ሌላው ሰው ዘሎት የሚያልፈውን ነው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን ወለደ። ከአዳም እስከ ኖኅ በቃሌ ካልወረድኩ ወጥቶ ሰኞ ማክሰኞ መጫወት የለም። የማቱሳላን ዕድሜ የማውቀውን ያህል የማባዣ ሠንጠረዥ ባውቅ ኖሮ ዛሬ መሐንዲስ ነበርኩ።

የዓለም ሕዝብ ሁሉ ከሴም፣ ከካምና ከያፌት እንደወጣ ሲነግረኝ «ሚስቶቻቸውስ ማን ይባላሉ?» አልኩት።

«አልተጻፈም።»

«ለምን?»

«ያልተጻፈ አይጠየቅም፤ ቀጥዪ!»

ወይ አባዬ! አፋሩም፣ ወሎዬውም፣ የጅቡቲው ሾፌርም ከማን እንደወጣ መልስ ነበረው። ያን ሁሉ ሕዝብ የወለዱትን ሴቶች ስም ለማወቅ ግን አንድ ቀን እንኳ አላማረውም።

ወንድሜ ሄኖክ ሲወለድ አባዬ የክት እስክሪብቶውን አወጣ። በመጽሐፉ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ እስከ ራሱ በዚያው አጻጻፍ አውርዶ ነበር። ከሥሩ «ብርሃኑም ሄኖክን ወለደ፤ ሴቶች ልጆችም ነበሩት» ብሎ ጨመረበት። ሴቶች ልጆች! ሴት ልጁ እኔ አንዷ ብቻ ነኝ፤ ያውም የበኩር ልጁ። ለአጻጻፉ ሲል አበዛኝ እንጂ ስሜን አልጻፈም። እያለቀስኩ እስክሪብቶውን ሳነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው ልጄ፣ የእኔስ የት አለ?» አለችኝ።

መንደሩ ወዲያው «የሄኖክ እናት» ይላት ጀመር። እኔም ተውኩት። መተዌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው፤ ከሰዓትን የማሳልፈው ቢሮ፣ ኤሲ ሥር ነው። ወላጆቻችን ሁለቱም አርፈዋል፤ መጽሐፉ አዋሽ፣ ሄኖክ ቤት አለ። ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ተወለደለትና እሱም እንደ አባቱ ያንን ገጽ ገልጦ ልጁን ጻፈበት። በማግስቱ በንዴት ደወለልኝ። የስምንት ዓመት ልጁ ስሟን በቀይ ማርከር በትልቁ ጽፋበታለች።

«እታለም፣ እባክሽ ተቆጪልኝ፤ የአባዬን ጽሑፍ አበላሸችው!»

ስልኩን እንዲሰጣት ነገርኩት።

«ቦታ ቀርቷል?» አልኳት።

«አዎ፣ ትንሽ።»

«የእኔንም ጻፊልኝ። ከእኔ በላይ ደግሞ የአያትሽን።»

«አክስቴ፣ አያቴ ስሟ ማን ነው?»

እኛ በእሷ ዕድሜ ከአዳም እስከ ኖኅ ሳንተነፍስ እንወርድ ነበር። እሷ አንዳቸውንም አታውቅም፤ አያቷን ግን ጠየቀች።

«ወይንሸት» አልኳት። የእናቴን ስም ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።