ጋሼ ቴሌስኮፕ ፀሐይ ያጣበት ቀን

ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ ቴሌስኮፕ» ይለዋል፤ እሱም ፌዝ መሆኑ ስላልገባው ደስ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበረ። ጡረታ ሲወጣ የሰው ፋይል ማገላበጡን ትቶ የፈጣሪን ሥራ ሊመዘግብ ተነሣ። ከከተማ ከተማ ይዞራል፣ ኮከብ ያያል፣ መካነ አራዊት ገብቶ አጥር ላይ ይደገፋል፤ ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «የአንድ ክርስቲያን የግል ማስታወሻ» ባለው ደብተር ላይ ይጽፋል። ስምንት ደብተር ሞልቶ ዘጠነኛውን ይዟል። የሚሄድበት ጸሎት ቤትም የተመሠረተበትን ሃምሳኛ ዓመት ሲያከብር ሊያሳትምለት ቃል ገብቷል፤ ምናልባት ዝም እንዲልላቸው ብለው ይሆናል።

ደብተሮቹን በታይፕ የምትገለብጠው ባለቤቱ ናት። እዚያው መዝገብ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ የእጅ ጽሑፉን ማንበብ የሚችል ሰው እሷ ብቻ ቀርታለች። ስትተይብ አንዳንዴ በሳቅ ትፈርሳለች። «ቀጭኔ ትዕቢተኛ ፍጥረት ናት፤ ቁልቁል አየችኝ» ይላል ሁለተኛው ደብተር። ጉማሬውን ምስጋና ቢስ ብሎታል፤ ያን የሚያህል አፍ ከፍቶ ለፈጣሪው አንድ የምስጋና ቃል አላሰማም! አንበሳው ለስንፍናው ተወቅሷል፤ ወቃሹ ግን ምሳ በልቶ ሁለት ሰዓት ካልተኛ ሰው የማይመስል ነው። ፕላኔቷ ሳተርን እንኳ አልቀረችለትም፦ «ያን ሁሉ ቀለበት መደርደር ለማን ነው?»

ሳቋ ግን ከላይ ነው። ከመጀመሪያው ደብተር ጀምሮ በየገጹ የምትፈልገው ራሷን ነበር። አንድም ጉዞ ያለ እሷ ሄዶ አያውቅማ። የቴሌስኮፑን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በትከሻዋ፣ የሱን ሹራብ በክንዷ ይዛ ከኋላው የተከተለችው እሷ ናት። ደብተሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ሾርባ ያቀረበው አስተናጋጅ አለ፤ «እባክዎ አጥሩን ይልቀቁ» ያለው ዘበኛም አለ። እሷ የለችም።

የፀሐዩ ነገር ደግሞ አንጀቷን አሳረራት። ፀሐይን በቴሌስኮፕ በቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ ብርሃኗ በቱቦው አልፎ ነጭ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ወረቀቱን የምትይዘውም፣ ቱቦውን የምታነጣጥረውም እሷ ናት። ዘዴው ወደ ሰማይ አለማየት ነው። መሬት ላይ ያረፈው የቱቦው ጥላ አጥሮ አጥሮ ክብ ሲሆን ፀሐይዋ ገባች ማለት ነው። ይህን የደረሰችበት አጎንብሳ ወረቀት ስትይዝ ነው። እሱ ጎንበስ ማለት ስለማይወድ እስከ ዛሬ አያውቀውም፤ ደብተሩ ላይ ግን «በአንድ ጊዜ አነጣጠርኩ» ብሎ ጽፏል።

ዘጠነኛው ደብተር ላይ ደረሰች። ስለ ዝሆኑ የተጻፈውን ስታነብ እጇ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። «ዝሆኑ ኩምቢውን በአጥሩ አሾልኮ የአንዲት ሴት ሻሽ ነጠቀ፤ ሕዝቡም ሳቀ።»

ሻሹ የሷ ነበር። ዝሆኑ እንኳ ትንሽ አገላብጦ አይቶ መልሶላት ነበር።

«ይቺ ሴት ማን ናት?» አለችው።

«የቷ?»

«ሻሿን የተነጠቀችው።»

«አንባቢን ምን ይጠቅመዋል? እኔ የምጽፈው ለእግዚአብሔር ክብር ነው። ክርስቲያን ራሱን ዝቅ ያደርጋል።»

«አንተ ሰው፣ ዝቅ ያደረግኸው ራስህን ነው ወይስ እኔን?»

እሱ ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ እያሰበ ነበር፦ በባቡር የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይታያል፤ መጽሐፉ በዚያ ይዘጋል። «ሂድ፤ እኔ አልሄድም» ስትለው ደነገጠ። ታመሽ ወይ፣ ከፋሽ ወይ አላለም።

«ታዲያ ሦስት እግሩን ማን ይሸከማል?» አለ።

ብቻውን ሄደ። እሷም በግርዶሹ ቀን የፓስታ ማጥለያዋን ይዛ ጓሮ ወጣች። ቤታቸው ካለበት ፀሐይዋ የምትሸፈነው በከፊል ነው። ማጥለያውን ወደ ፀሐይ ስትይዘው በየቀዳዳው ያለፈው ብርሃን ግድግዳው ላይ ብዙ ትናንሽ ማጭድ ሠራ። እጇን አነቃነቀች፤ ማጭዶቹ አብረው ተነቃነቁ። ምንም ሳትሸከም፣ ማንም ሳያዛት ግርዶሹን አየች። እንደ ልጅ ደስ አላት፤ ደስታዋም እሱን ስላላስታወሳት ገረማት።

እሱ በማግስቱ አቧራ ጠግቦ መጣ። ወሬውን በቁንጣሪ አወጣጣችው። ለካ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ሰማይ እያንጋጠጠ ቱቦውን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር፣ ብሎን ሲያጠብቅ ሲያላላ ፀሐይዋን አጥቷታል። የቱቦው ጥላ ግን እግሩ ሥር ተጋድሞ ነበር። ግርዶሹ ሙሉ ሲሆን ጨለመ፤ እሱ ሆዬ ብሎኑ ስላልታየው የእጅ ባትሪ አበራ። ዙሪያውን የቆመው ሰው «አጥፋ!» ብሎ ጮኸበት። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንዱ በጭቅጭቅ አለቀ፤ ቀና ሲል በርቷል።

አላሳዘናትም። ሊያሳዝናት ይገባ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱ «አይገባም» ነበር።

ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ደብተሩን ከፈተና ግማሽ ቀን ጻፈ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጥቶ አጠገቧ ቆመና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ቴሌስኮፑን በአንድ ጊዜ አነጣጠርኩ። የፀሐይ አክሊል በፊቴ ተገለጠ። ጉልበቴ ተንበረከከ፤ ዕንባዬም ወረደ።»

«አየኸው?» አለችው።

«ነገሩ ያው ነው። አንባቢው እኮ እዚያ አልነበረም።»

«ጉልበትህስ?»

«ተይቢው አልኩሽ! ማተሚያ ቤቱ ዓርብ ይፈልገዋል።»

ማሽኑ ላይ የነበረውን ወረቀት ስባ አወጣችና ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ ደረበችው። ስምንት ደብተር ሙሉ፣ የዘጠነኛውም ግማሽ፣ በንጹሕ ታይፕ ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ሐሰት አልተይብም» አለችው። «እኔም ክርስቲያን ነኝ።»